እናቴ ቤቱን የሸጠች ሰሞን

እናቴ ደብረ ብርሃን ያለውን ቤታችንን ልትሸጥ መሆኑን የነገረችኝ በስልክ ነው። ሥራ ቦታ ነበርኩ። አዲስ አበባ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ ሰዎች የጻፉትን ከመታተሙ በፊት እያነበብኩ ስሕተቱን እለቅማለሁ። እናቴ ስትደውል ብዙ ጊዜ ወሬ የምትጀምረው "ዛሬስ ምን አነበብሽ?" ብላ ነው። ያን ቀን ግን ሰላምታውን እንኳን በቅጡ ሳታደርስ፣ "ቤቱን ልሸጠው ነው፤ ለደላላም ነግሬያለሁ" አለችኝ።

"የቱን ቤት?" አልኳት፣ ብዙ ቤት ያላት ይመስል።

"የኛን ነዋ! ጎረቤላ ልገባ ነው፣ እኅቴ ጋ።"

እናቴ የአንኮበር ልጅ ናት። አባቷ ከአንኮበሯ ከተማ ከጎረቤላ ራቅ ብሎ ባለ ደብር የሚያገለግሉ መሪጌታ ነበሩ። ታናሽ እኅቷ ዛሬም ከወላጆቻቸው በቀረው ግቢ ውስጥ ትኖራለች፤ ለእናቴም እዚያው ሁለት ክፍል ቤት ደርሷታል። ቤቱን ለዓመታት የድንች ማስቀመጫ አድርገውት ነበር። እናቴ ልትገባበት ያሰበችው እሱን ነው።

ወዲያው ለታላቅ ወንድሜ ደወልኩ። ወንድሜ ደብረ ብርሃን ውስጥ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ጋሼ ነው የምለው።

"እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት" አለኝ። "እኔ ጋ ግቢ ብዬ ለመንኳት፣ እምቢ አለች። ጎረቤላ መንገዱ ሲዘጋ ማን ይደርስላታል? ብትታመም ሐኪም ቤቱ እዚህ፣ እሷ እዚያ!"

"ያለ አባዬ እዚያ ቤት ውስጥ መኖር ከብዷት ነው።"

"እሱማ ነው።"

በዚህ ተስማማን። አባታችን ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። እናታችን ትዝታው አላስቀምጥ ብሏት እየሸሸች ነው ብለን ሁለታችንም ደመደምን። እሷን ግን አንዳችንም አልጠየቅናትም። ዕቃ ስታወጣ ልቧ እንዳይሰበር አጠገቧ ልሁን ብዬ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ወሰድኩና ወደ ደብረ ብርሃን ሄድኩ።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ማለዳ ከአውቶቡስ ስወርድ በመንገዱ ዳር ያለው ሣር ውርጭ መትቶት ነጭ ሆኗል። ግቢ ስደርስ እናቴን በር ላይ ቆማ ስታለቅስ አገኛታለሁ ብዬ ነበር መሰለኝ፤ በሩን ቀስ ብዬ ነው የገፋሁት። እሷ እቴ! ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ በርጩማ፣ በርጩማው ላይ ደግሞ ራሷ ወጥታ መጋረጃ ታወርዳለች።

"እማዬ! ትወድቂያለሽ!"

"መጣሽ? ጎሽ፣ በርጩማውን ያዢልኝ። ደላላው ነገ ይመጣል፤ ይሄ መጋረጃ ታጥቦ መድረቅ አለበት።"

ቤቱን አባቴ ነው የሠራው። አባቴ የደነባ ሰው ነበር፤ የሜዳ ልጅ። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እስከ ጡረታው አገልግሏል። ቤቱ የጭቃ ቤት ነው፣ በላዩ ሲሚንቶ የተለሰነ። ሳሎኑ ወለሉ ጣውላ ነው፤ ሁለት መኝታ ክፍል አለው፤ ማድ ቤቱ ከኋላ ለብቻው ነው። ኮርኒሱ ማዳበሪያ ተሰፍቶ የተወጠረ ነው፤ ዕድሜና ጭስ መልኩን አጥፍተውታል። መስኮቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ ሁሉም ወደ መንገዱ፣ ወደ ምዕራብ የሚያዩ። አባቴ ደረቱን ያመው ነበር፤ ነፋስ ሲነካው ሳሉ ሳምንት ይቆያል። ስለዚህ እኛ ቤት በር ዝጉ የሚለው ቃል ከጸሎት እኩል ሲነገር ነው ያደግነው።

ደላላው በማግስቱ መጣ። ጥቁር የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ ሲናገር ጣቱን የሚያጮህ፣ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው ሰው ነው። ክፍሉን ሁሉ ዞሮ አየ። ግድግዳውን በጉልበቱ ገፋ ገፋ አደረገ። በመጨረሻ ሳሎኑ መሐል ቆመና፣

"እማማ፣ ቤቱ ጥሩ ነው። ለአስፋልትም ቅርብ ነው። ግን በጣም የእርስዎ ሆኗል" አለ።

"የእኔ አይደል እንዴ?"

"ነው እንጂ። ችግሩም እሱ ነው። ገዢ ሲገባ የራሱን አልጋ የት እንደሚዘረጋ ነው ማሰብ ያለበት። እዚህ ግድግዳ ላይ ግን የእናንተን ሠርግ ያያል፣ የልጆቹን ምርቃት ያያል። እንግዳ ሆኖ ገብቶ እንግዳ ሆኖ ይወጣል።"

ከዚያ የሚደረገውን ዘረዘረልን። ፎቶዎቹ ይውረዱ፣ ቡፌው ይውጣ፣ ኮርኒሱና ግድግዳው ቀለም ይቀባ፣ የውጭው በር ማጠፊያው ይጠገን፣ ግቢው ውስጥ ያለው የእንጨት ክምር ይነሳ። እኔ እያንዳንዱን በሰማሁ ቁጥር እናቴን ሰረቅ አድርጌ አያለሁ። እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። "እመቤታችንስ?" ብላ ብቻ ጠየቀችው፣ አልጋዋ ራስጌ ያለችውን ሥዕል በአገጯ እያመለከተች።

"እሷ ትቆይ" አለ ደላላው፣ ባርኔጣውን አንስቶ።

በማግስቱ ማውጣት ጀመርን። እኔ ቀስ እያልኩ፣ እያንዳንዱን ነገር እያገላበጥኩ፤ እሷ እንደ እህል ዐጫጅ ፊቷ ያለውን ሁሉ እየጠረገች። ቡፌውን ለጎረቤት ሰጠች። ከውስጡ የወጡትን ብርጭቆዎች ግማሹን ለሰፈሩ ዕድር አለች፣ ግማሹን በካርቶን አስቀመጠች። ከበሩ ኋላ የአባቴ ካፖርት ተሰቅሎ ነበር፤ ከሞተ ጀምሮ ከቦታው አልተነቃነቀም። በመጣሁ ቁጥር እጅጌውን ዳሰስ አድርጌ ነበር የማልፈው። ከሰዓት በኋላ ስመለከት የለም።

"እማዬ፣ ካፖርቱስ?"

"ከታች ላለው መጋዘን ዘበኛ ሰጠሁት።"

"የአባዬን ካፖርት?"

"ሰውዬውን ብርድ እየፈጀው አይደል? ስድስት ዓመት ሙሉ ሚስማር ሲያሞቅ ኖረ።"

ኪሱ ውስጥ የነበረውን ግን አስቀምጣልኛለች፤ ሁለት የጉሮሮ ከረሜላና አንድ የታጠፈ የቤተ ክርስቲያን ደረሰኝ። እነሱን በመሐረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ወዲያ እኔም ሌባ ሆንኩ። እሷ የምትጥለውን ከኋላዋ እየሄድኩ አነሳለሁ፦ ጠርዙ የተሸረፈ ሳህን፣ አባቴ መዝገብ የሚያሰምርበት የእንጨት ማስመሪያ፣ የማይሠራ ሰዓት፣ የተላላጠ የትምህርት ቤት ደብተር። በሦስተኛው ቀን ቦርሳዬ አልዘጋ አለኝ። እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ስታገል አየችኝ።

"ይህን ሁሉ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የት ልታደርጊው ነው?"

"አንድ ቦታ አላጣለትም።"

"ሰዓቱ እኮ አባትሽ በሕይወት እያለም አይሠራም ነበር" አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ላጽናናት የመጣሁት፣ ማስመሪያ ታቅፌ ማልቀስ ጀመርኩ።

ቀለሙን ወንድሜ ከሥራ መልስ እየመጣ ቀባው። ክሬም ነበር፤ ደላላው የመረጠው። ሳሎኑ ባዶ ሆኖ ሲቀባ ድምፃችን ማስተጋባት ጀመረ። ከጎረቤት ሁለት አዳዲስ ወንበርና አንድ ክብ ጠረጴዛ ተዋስን፤ በላዩ የታጠበ ዳንቴል አነጠፍን። አልጋዎቹ ላይ ያሉትን የመንዝ ባናዎች አንስተን ነጭ አንሶላ አለበስናቸው። እናቴ በሁለተኛው ቀን "ይሄ የሚያምረው ለሚቀመጥበት ሳይሆን ለሚያልፍ ሰው ነው" አለችና፣ አንሶላውን ሳታበላሽ ለመተኛት እኔ ወደተኛሁበት ፍራሽ መጣች።

የመጀመሪያው ገዢ ከደብረ ሲና በታች ካለው ቆላ የመጣ ነጋዴ ነበር። ልጆቹ ደብረ ብርሃን ይማራሉ፤ ቤት ተከራይተው ከሚቸገሩ ልግዛላቸው ብሎ ነው። ሰውዬው ግድግዳውን ወደደው፣ ጣውላውን ወደደው። እናቴን ከአክብሮት ጋር፣ "እማማ፣ ብርዱ እንዴት ነው? ልጆቼ ቆላ ነው ያደጉት" አላት።

"ይበርዳል" አለችው። "ከጥቅምት እስከ ጥር ካልሲ አይወልቅም። ይሄ የኋላው ክፍል ደግሞ ቀንም መብራት ይፈልጋል። ክረምት ላይ በዚህ ማዕዘን እርጥበት ይወጣል፤ አሁን ቀለም ስለተቀባ ነው የማይታየው።"

ደላላው ጣቱን ማጮህ ተወ። ነጋዴው "እንግዲህ ተመካክሬ እደውላለሁ" ብሎ ሄደ። እንደማይደውል ሁላችንም ገብቶናል።

"እማማ" አለ ደላላው በሩ እንደተዘጋ፣ "ቤቱን እየሸጡት ነው ወይስ እየከሰሱት?"

እሱ ከሄደ በኋላ እኔም አልቻልኩም። "መሸጥ ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?" አልኳት።

"እፈልጋለሁ።"

"ታዲያ ለምን ታበላሺዋለሽ?"

"ጠየቀኝ፣ መለስኩለታ። ልጆች ይዞ ሊገባ ለሚል ሰው ልዋሽ?"

"አትዋሺ። ግን አንድ ጥሩ ነገር እንኳን አጣሽለት? ከአርባ ዓመት በላይ የኖርሽበት ቤት ነው! እስቲ አንድ ጥሩ ነገር ንገሪኝ።"

እየጮህኩ እንደነበር ያወቅኩት ድምፄ ከባዶው ግድግዳ ሲመለስ ነው። እናቴ ወደ ላይ ቀና ብላ ኮርኒሱን አየችው፣ ወለሉን አየችው። ልታስቸግረኝ አልነበረም፤ ከልቧ እየፈለገች ነበር።

"ጣሪያው አያፈስም" አለች በመጨረሻ።

ሌላ ነገር እስክትጨምር ጠበቅኩ፤ አልጨመረችም።

በማግስቱ ደላላው ተመልሶ መጣ። ተስፋ የቆረጠ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ሲያስብበት ነው ያደረው። በቀጥታ ወደ ኋላው ክፍል፣ ወደ ወላጆቼ መኝታ ቤት ገባና ምሥራቁን ግድግዳ በመዳፉ ጠፍ ጠፍ አደረገ።

"ሽያጩን የሚገድለው ይሄ ጨለማ ነው። እዚህ ግድግዳ ላይ አንድ መስኮት ቢወጣለት ቤቱ ሌላ ቤት ይሆናል።"

እናቴ በር ላይ የታጠበ ልብስ ታጥፍ ነበር። እጇ ቆመ።

"የት ጋ?" አለች።

"እዚህ ጋ፣ መሐሉ ላይ።"

ልብሱን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና መጣች። መዳፏን ከደላላው እጅ በስተግራ አንድ ክንድ ያህል ርቃ አሳረፈች። "እዚህ ጋ ይሻላል። እሱ ጋ ቋሚ እንጨት አለ።"

"እንዴት አወቁ?"

"ግድግዳው ሲመረግ ጭቃ አቀባይዋ እኔ ነበርኩ።"

ወንድሜ የሚያውቀው አንድ አዛውንት አናጢ በማግስቱ መጋዙንና መዶሻውን ይዞ መጣ። መቃኑን ከነመስታወቱ ከእንጨት ቤት ገዝተን ነበር። ግድግዳው ላይ በከሰል አሰመረ፤ ልስኑን በመሮ አነሳና ጭቃውን መፈርፈር ጀመረ። ጭዱ ከጭቃው ጋር እየተቦጨቀ ይወድቃል፤ ሲወድቅ ያ የልጅነት የእርጥብ አፈር ሽታ የለውም፣ ደርቆ አልቋል። እናቴ ማድ ቤት ነበረች። ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሆን መዶሻው ወደ ውጭ ዘለቀ፤ ቡጢ በምታህለው ቀዳዳ ፀሐይ ገባችና አልጋው ላይ ወደቀች። አናጢው "ይኸው!" አለ ጮክ ብሎ።

እናቴ በእርጥብ እጇ መጣች። በሩ ላይ ቆመች። አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ሲዞር አየችው፤ ከዚያ ወጣች። ተከትያት ስሄድ ከግድግዳው ውጭ በኩል፣ ቀዳዳው ከወጣበት ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። አለቀሰች ብዬ ቀርቤ አየኋት። እንባ የለም። ፊቷ ግን የማላውቀው ፊት ነበር።

"ምን ሆንሽ እማዬ?"

"ይህን መስኮት ለምኜው ነበር" አለችኝ።

"ማንን?"

"አባታችሁን ነዋ። ቤቱ ሲመረግ፣ ወንድምሽን እርጉዝ ሆኜ። እዚህ ጋ መስኮት ይኑረኝ አልኩት። ነፋሱ በዚህ ነው የሚመጣው አለኝ። እውነቱን ነው፣ በዚህ ነው የሚመጣው። ለሚቀጥለው ዓመት እናያለን አለ። በየዓመቱ ለሚቀጥለው ዓመት ሆነ። ከዚያ ደረቱ ሲብስበት እኔም መጠየቅ ተውኩ።"

"ለምን እዚህ በኩል ፈለግሽው?"

እንደ ሞኝ አየችኝ። "አንኮበር በየት በኩል ነው?"

ወደ ምሥራቅ ዞርኩ። የሚታየው የጎረቤት ቆርቆሮና ባሕር ዛፍ ነው፤ አንኮበር ከዚያ ሁሉ ማዶ፣ ሜዳው አልቆ ገደሉ የሚጀምርበት ነው።

"አይታይም እኮ" አልኳት።

"አይታይም። ጠዋት ግን ፀሐይዋ ከዚያ ነው የምትመጣው። ወደዚህ ስመጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከቤታችን ደጅ ስትቆሚ ቆላው ሁሉ ከእግርሽ ሥር ነው፤ ደመናው ከታችሽ ነው የሚሄደው። ከዚያ መጥቼ እዚህ፣ በየት እንደነጋ ሳላውቅ። አባትሽ ደግ ሰው ነበር። በጋ እሑድ እሑድ ወንበር ተሸክሞ ፀሐይ ያለችበት ያደርግልኝና 'ነይ ሙቂ' ይለኝ ነበር። መስኮቱን ግን እምቢ አለ።"

"ታዲያ እሱ ከሞተ በኋላ ለምን አላስወጣሽውም? ስድስት ዓመት!"

ውስጥ አናጢው መዶሻውን ያሳርፋል፤ አቧራ በላያችን ይወርዳል።

"እሱ በሕይወት እያለ እምቢ ያለኝን፣ ሲሞት ጠብቄ ባደርገው የተጣላን ይመስለኛል" አለች። "አሁን ለሌላ ሰው ስለሆነ ነው።"

ከዚያ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና፣ "ደግሞ እናንተ ሁለታችሁ ከአባታችሁ ትዝታ የምሸሽ ይመስላችኋል። ወንድምሽ በዓይኑ ሲያዝንልኝ አያለሁ። ከአባታችሁ ጋር በደንብ ነው የኖርኩት። ከቤቱ ጋር ነው ያልተግባባሁት" አለችኝ።

ይህን በአርባ ዓመቴ ነው የሰማሁት። እናቴን የዚያ ቤት ምሰሶ አድርጌ ነበር የማስባት። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እዚያ ናት፣ ለበዓል ስንመጣ እዚያ ናት። ቤቱ ይመቻታል ወይ ብሎ መጠየቅ እግዜር ይቅር ይበለኝ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። የሌላውን ሰው ገጽ ሙሉ ስሕተት ስለቅም ውዬ የምገባ ሰው፣ ይህን አለማንበቤ አሳፈረኝ።

መስኮቱ በሁለተኛው ቀን አለቀ። እናቴ ማለዳ ማለዳ ፍራሹን ትታ ወንበሯን እዚያ ታስጠጋለች፤ ነጠላዋን ተከናንባ ፀሐይዋ ጉልበቷ ላይ እስክትደርስ ትቀመጣለች። ነፋሱም እንደተባለው በዚያ በኩል ነው የሚመጣው፤ መቃኑ ዳር ዳሩን ያፏጫል። እሷ ግድ የላትም። እኔና ወንድሜ ይህን እያየን ሌላ ሐሳብ መጣልን። በአራተኛው ቀን ወንድሜ አጠገቧ ቁጢጥ አለና፣

"እማዬ፣ ለምን አትቀሪም? አሁንማ ቤቱ ተስተካከለልሽ። ኮርኒሱንም እኔ በጣውላ አሠራልሻለሁ" አላት።

እኔም አገዝኩት። ደላላውን እናስቀረዋለን፣ ቡፌውንም እናስመልሳለን አልኩ።

ሁለታችንንም ሰማችን። "ቤቱ አሁን ደህና ቤት ሆኗል" አለች። "ደህና ቤት ስለሆነ ነው ለሰው ስሸጠው ደስ የሚለኝ። እኔ ግን የምሄደው ሰባ ሳይሞላኝ ነው። ጉልበቴ ዳገቱን ገና ይችላል። ከሦስት ዓመት በኋላ ብትሉኝ የምትሸከሙኝ እናንተ ናችሁ።"

ወንድሜ ተነሣና ውጭ ወጥቶ የተጠገነውን የበር ማጠፊያ እንደ አዲስ ሲነካካ ዋለ።

ገዢዎቹ የመጡት ፈቃዴ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ባልና ሚስት ናቸው። እሷ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ታስተምራለች፣ እሱ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ ሁለቱም ከደቡብ የመጡ፣ ከሞቃት አገር። ሴትዮዋ ሆዷ ገፍቷል፤ ሁለት ሹራብ ደርባ ለብሳለች። ደላላው አስቀድሞ እናቴን፣ "እማማ፣ ዛሬ ሻይ ብቻ" ብሎ ለምኗት ነበር።

ሻዩን አቀረበች፤ ዝም አለች። ባልየው ከደላላው ጋር ግቢውን ሲዞር ሴትዮዋ ወደ ኋላው ክፍል ገባችና መስኮቱ ጋ ቆመች። እናቴ በሩ ላይ ናት፣ እኔ ከኋላዋ።

"ይሄ ክፍል ደስ ይላል" አለች ሴትዮዋ። "መስኮቱ አዲስ ነው?"

"የሳምንት ነው" አለች እናቴ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ሴትዮዋ ግን ሳቀች። "ለእኛ ብለው ነው?"

"ለሚገዛ ሰው ብዬ ነው። ከገዛችሁት ለናንተ ነው።" ቀረብ አለቻት። "ልጄ፣ ይበርዳል፤ አልዋሽሽም። ነፋሱ በዚህ በመስኮቱ ነው የሚመጣው። አልጋሽን እዚህ አታድርጊ፤ በዚያኛው ግድግዳ በኩል አድርጊው። ሕፃኑን ስታጥቢ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ እጠቢው፤ ያን ጊዜ ፀሐይዋ ክፍሉን ታሞቀዋለች። ክረምት ደግሞ ይሄ ማዕዘን እርጥበት ያወጣል፤ ከውጭ በኩል የውሃ መውረጃ ብታስቆፍሪለት ይተዋል። እኛ ሳናስቆፍረው ነው የኖርነው።"

ሴትዮዋ አልደነገጠችም። ከቦርሳዋ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጣችና፣ እኔ እያየሁ፣ የአልጋውን ቦታና የውሃ መውረጃውን ጻፈች። ከዚያ በፊት ያዩአቸው ቤቶች ሁሉ ምንም ችግር የለባቸውም ተብለው እንደነበር በኋላ ነገረችን። ባሏ ሲመለስ በአገራቸው ቋንቋ አንድ ነገር አለችው፤ ባልየው ግድግዳውን ሳይሆን እሷን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። በዚያው ሳምንት ዋጋው ላይ ተስማምተን ተፈራረምን። ደላላው ሲሰነባበት እናቴን፣ "እኔ በዚህ ሥራ ብዙ ቆይቻለሁ፤ እንደ እርስዎ ያለ ሻጭ ግን አልገጠመኝም" አላት። ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልገባኝም፤ እሷ ግን እንደ ምስጋና ተቀበለችው።

ቤቱን ያስረከብን ቀን አይሱዙ ተከራይተን የቀረውን ዕቃ ጫንን። ብዙ አልነበረም። ወንድሜ ከሾፌሩ ጋር ገመድ ሲያስር እኔ የረሳነው እንዳለ ልይ ብዬ ተመለስኩና፣ ሳሎኑ መሐል ስደርስ ጣውላው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እናቴ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች፤ እንደ ድሮው ራሴን ደረቷ ላይ አደረገችው።

"አልቅሺ" አለችኝ። "አንቺ እዚህ ነው የተወለድሽው። ላንቺ አገርሽ ነው። እኔ እኮ አልከለከልኩሽም።"

ስንወጣ ቁልፉን ለሴትዮዋ ያስረከበችው እሷ ናት፤ መረቀቻት፣ ሆዷንም ዳሰሰችላት። መኪናው ሲነሣ ወደ ኋላ ዞራ አላየችም። እኔ ነኝ ያየሁት።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ አልሆነም። በመጀመሪያው የካቲት መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ። አሥር ቀን ድምፅዋን ሳንሰማ ቆየን። ወንድሜ በየቀኑ መናኸሪያ እየሄደ ከጎረቤላ የመጣ ሰው ያፈላልግ ነበር፤ ማታ ሲደውልልኝ የሚናገረው በንዴት ነው፣ ንዴቱ ግን ፍርሃት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። በመጨረሻ አንድ የጎረቤላ አስተማሪ "ደህና ናት፣ ድንች እያስቆፈረች ነው" የሚል መልእክት አመጣልን። ጉልበቷም እንዳለችው አልሆነም፤ ዳገቱን አሁን ሁለት ጊዜ አርፋ ነው የምትወጣው። ከእኅቷ ጋር ደግሞ ይጨቃጨቃሉ፤ ስለ ዶሮ፣ ስለ አጥር፣ አባታቸው የትኛቸውን የበለጠ ይወድ እንደነበር።

መንገዱ ሲከፈት፣ ለፋሲካ፣ ሄድኩ። ከጎረቤላ ወደ ግቢው የሚወስደውን ቀጭን መንገድ ይዤ ስወርድ፣ ከማዶ ካለው እርሻ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የአንዲት ልጅ ቅጽል ስም ይጣራሉ። አጭር፣ የሚያስቅ፣ ለትንሽ ልጅ የሚወጣ ዓይነት ስም ነው። ደጋግመው ተጣሩ። የማን ልጅ ትሆን ብዬ ዞር ዞር ስል፣ ከታች ከግቢው ውስጥ "አቤት!" የሚል ድምፅ መጣ፤ ረጅም፣ ሸለቆውን የሚያቋርጥ፣ ቀጭን። እናቴ በእኛ ቤት እንዲህ ጮኻ አታውቅም። ከአጥሩ ወጥታ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወደ ማዶ እያየች "ምን ልትል ነው? ምን ፈለግክ?" ትላለች፣ ሽማግሌውን አንተ እያለች።

እኔን ያየችኝ ኋላ ነው። ሽማግሌው የሚሏትን ሰምታ እስክትጨርስ ድረስ በእጇ "ቆዪ" አለችኝ። ሻንጣዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ቆሜ ጠበቅኳት።